ሜዳ ላይ የተሠራ እርከን

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ሌሊቱን ሲጥል ባደረ ዝናብ የአንድ ገበሬ ሰሊጥ ውሃ ተኛበት። ሰው አልተጎዳም፣ ከብትም አልተወሰደም። ውሃውን አግዶ ያስተኛው በማሳው ግርጌ የተደረደረው የድንጋይ እርከን ነው። የማሳው ባለቤት የእርከኑን ሥራ የሚመራው ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው።

እኔ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ የችግኝ ተከላ ልዘግብ። ቀኑን የቆረጠው ክፍል በዓል መሆኑን ዘንግቶታል። ችግኙ መኪና ላይ ተጭኖ ቆሟል፣ ተካዩ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሾፌሩ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። እኔም ሰው ወዳለበት ሄድኩ።

ነገሩ የጀመረው አምና በጥር ነው። የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ «የአየር ንብረት ለውጥን የምትቋቋሙበትን ሥራ ራሳችሁ ምረጡ፣ ራሳችሁ ምሩ» ተባለ። እንዲህ ያለ ነጻነት በየቀኑ አይገኝም፤ ሕዝቡም አላባከነውም። አብዛኛው ሰው አባቱ ወይም አያቱ ከወሎ ወይም ከጎጃም ተራራ የወረደ ነው። አፈር በጎርፍ ተጠርጎ ሲሄድ ያየ ሰው ልጅ «ምረጥ» ሲባል ምን ይመርጣል? እርከን። አገሩ ሜዳ ነው። ኳስ ብታስቀምጥበት ወዴት ልንከባለል እያለች ስታስብ ትውላለች። ይህ ግን እንደ ጥቃቅን ነገር ታለፈ። ሊቀመንበሩ ተነሥተው «እርከን የሌለው ማሳ መዝጊያ የሌለው ቤት ነው» አሉ፤ ሁሉም እጁን አወጣ።

ቀጥሎ የድንጋይ ጥያቄ መጣ። የመተማ ዋልካ አፈር የጣሉበትን ሁሉ ያበቅላል፤ ድንጋይ ግን አያበቅልም። ስለዚህ ድንጋዩ ከሩቅ ኮረብታ በትራክተር ተጎታች ተጋዘ። አየሩን ለማዳን ትራክተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲመላለስ ከረመ። ሊቀመንበሩ «ምሳሌ ልሁን» ብለው የመጀመሪያውን እርከን በራሳቸው ማሳ አስጀመሩ። ደቦው ወጣ፤ ድንጋዩ ተደረደረ፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት በጭቃ ተመረገ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ውብ ነበር። በዚያ ክረምት ዝናቡ ስለሳሳ እርከኑ ምንም ሳይሠራ ተመሰገነ።

ሥራው ሕግም ወጣለት። እርከን የነካ ከደቦ ይወጣል። ሰሊጥ ለሚያርስ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። አረም ሲደርስ ብቻውን የቀረ ገበሬ በመጨረሻ የሚያጭደው አረሙን ነው። ሕጉ መጀመሪያ የያዘው የሊቀመንበሩን የማሳ ጎረቤት፣ ማሽላና ሰሊጥ የምታርስ አንዲት ሴት ነበር። ድንጋይ በሌለበት አገር ድንጋይ ተደርድሮ ስታይ ጊዜ ሦስት አንሥታ ጉልቻ አደረገች። ኮሚቴው ተቀመጠ፤ ምስክር ተሰማ፤ ድስቱ በተጠቀሱት ድንጋዮች ላይ እንደተጣደ ተረጋገጠ። ከደቦ ወጣች። የዚያን ክረምት ማሳዋን ብቻዋን አረመች።

እንግዲህ በገብርኤል ዕለት ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ በአጸዱ ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ ሊቀመንበሩ ነጭ ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ እግራቸው በጭቃ ተለውሶ ገቡ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «እርከኑ ከሚገባው በላይ ሠርቷል።»

ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። ሰሊጥ እግሩን ውሃ ከያዘው ቢጫ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ቀን ካደረበት ያለቀለት ነው። ሰውዬው ሌላ ማሳ የላቸውም። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ያ ሰሊጥ ነው። ውሃው እንዲወጣ እርከኑ መከፈት አለበት፤ እርከን የነካ ደግሞ ከደቦ ይወጣል። ሕጉን ያረቀቁት እሳቸው ናቸው።

ከሴቶቹ በኩል ጎረቤታቸው ተነሣች።

«አያ፣ ጥያቄ አለኝ።»

«ጠይቂ።»

«ሦስት ድንጋይ ያነሣ ከደቦ ከወጣ፣ መደዳውን የሚያነሣ ከምን ይወጣል? ከወረዳው?»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

«ያንች ለጉልቻ ነበር!» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የርስዎስ ለምንድን ነው? ለዋና?»

ከወንዶቹ አንዱ «ሕጉ ሲጸድቅ አንችም እጅሽን አውጥተሽ ነበር እኮ» አላት።

«እኔ ያወጣሁት ስብሰባው እንዲያልቅ ብዬ ነው። አንተ ሁለቱንም አውጥተህ አልነበር?»

ሳቁ እስኪበርድ ሊቀመንበሩ ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የመጡበትን ተናገሩ። ውሃው ወደ ወንዙ የሚወርደው በእሷ ማሽላ ጥግ ነው፤ እሷ ካልፈቀደች እርከኑ ቢከፈትም መሄጃ የለውም።

«ማሽላዬ እንደርስዎ ሰሊጥ አይሞላቀቅም፤ ውሃው ይለፍ» አለች። «ግን ቦዩን የሚቆፍረው ደቦው ነው። ከደቦ በወጣ ሰው ማሳ ላይ ደቦ ይገባል ወይ? ሕጉ ምን ይላል?»

ሕጉ ስለዚህ የሚለው ነገር አልነበረም።  ሊቀመንበሩ በለሆሳስ «ትግባ» አሉ።

«አልሰማሁም።»

«ወደ ደቦው ትመለስ ብያለሁ! ሰማሽ?»

«አሁን ሰማሁ፣ እድሜ ይስጥልኝ።»

እጅ ወጣና ተመለሰች። ወዲያው ሌላ ውሳኔ ተጨመረ። ሊቀመንበሩ ከደቦ እንዳይወጡ፣ እርከን መክፈት እርከን እንደ መንካት እንዳይቆጠር ተወሰነ። የኮሚቴው ጸሐፊ ነገሩን «እርከኑን ማዘመን» ብሎ ሰየመው። ስሙ ተወደደ።

ሁሉ ነገር አለቀ ሲባል አንድ ሽማግሌ ዛሬ ማን እንደሆነ አስታወሱ። በገብርኤል ማን መቆፈሪያ ያነሣል? ዓይን ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ።

«አባ፣ በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበትም ይወጣል ይባል የለም?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ይወጣል።»

«ሰሊጥስ?»

«ሰሊጥ በሬ ነው እንዴ?»

«ሰሊጡን ሸጠው በሬ ሊገዙ ነበር፣ አባ» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ፤ «እንግዲህ ገደል የገባው በሬው ነው።»

ቄሱም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ፍርዳቸው ግን አልላላም። ድንጋይ በእጅ ማንሣት ይቻላል፤ መቆፈሪያ መሬት አይንካ። የሚቆፈረው ነገ ይቆፈር። ሊቀመንበሩ ሊከራከሩ አይችሉም። ባለፈው ዓመት በሚካኤል ያረሰውን ሰው የከሰሱት እሳቸው ነበሩ።

ሕዝቡ የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ማሳው ድረስ ወረደ። ወንዶቹ ድንጋዩን ከጭቃው እየነቀሉ ያቀብላሉ፤ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ድንጋዩ የት ይከመር የሚለው ጥያቄ አላከራከረም፤ ሴቶቹ ሁሉ ሦስት ሦስት እየመረጡ ወደየቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ጎረቤቲቱ ባዶ እጇን ቆማ ታያቸው ነበር።

«አንችስ አትወስጅም?» አሏት ሊቀመንበሩ።

«እኔማ አለኝ፣ አያ። በሕግ የታወቀ።»

ከማሳው የላይኛው ክፍል ውሃው በተከፈተው በኩል ሸሸ። እርከኑ አጠገብ ያለው ግን ረባዳ ነበርና አልተንቀሳቀሰም፤ እሱ ቦይ ይፈልጋል። ሊቀመንበሩ ያን ቀን እስኪመሽ ዳር ላይ ቆመው ውሃውን ሲያዩ አየሁ። መቆፈሪያው አጠገባቸው ተጋድሟል። አልነኩትም። ያን ሌሊት ደግሞ ዘነበ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደቦው መጣ። ቦዩ በማሽላው ጥግ ተቆፈረ፣ ውሃው ወደ ወንዙ ወረደ። ቁፋሮውን የጀመረችው ጎረቤታቸው ናት። ረፋድ ላይ ሊቀመንበሩ ከረባዳው አንድ የሰሊጥ ቡቃያ ነቅለው ሥሩን አዩትና ለማንም ሳያሳዩ ጣሉት።

ጥቅምት ሲገባ ወደ አብደራፊ ስሄድ በዚያ አለፍኩ። በላይኛው ማሳ ሰሊጡ ታጭዷል፤ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ቆሟል። ረባዳው ላይ የነበረው አልተረፈም። በነሐሴ ተገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ጥራጥሬ፣ ማሾ፣ ተዘርቶበታል። ማሾው ፍሬ ይዟል።