የቀበሌው ኦርጋን

ፒያኖ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር እግሮቼ ሳላዛቸው ወለሉን ይረግጣሉ። የጃዝ ባንድ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እኔ የለመድኩት ኦርጋን በእግር ካልረገጡት የማይተነፍስ ነበር።

ሆሳዕና ከተማ ያደግኩት የማታርፍ ልጅ ተብዬ ነው። እናቴ በሀዲይኛ፣ አስተማሪዎቼ በአማርኛ "አርፈሽ ተቀመጪ!" ሲሉኝ ይውላሉ፤ ጣቶቼ ግን ዴስኩን ይደበድባሉ። መምህር የነበረው አባቴ መላ ያገኘልኝ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ወስዶ ኦርጋን በማስተማር ነው። ብዙም ሳይቆይ በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘጋ፤ ኦርጋኑም ወደ ቀበሌ አዳራሽ ተወሰደ። የሚጫወትበት ሰው ሲጠፋ ለቀበሌው የኪነት ቡድን እኔን ጠሩኝ። አባቴ ፈራ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ኦርጋኑ ናፍቆኝ ነበር።

ለአብዮት በዓል ከአውራጃ ጓዶች መጡ። አዳራሹ በእርጥብ ጋቢና በተቀባ ቅቤ ሽታ ታፍኗል። የአብዮቱን ማርሽ ጀመርኩ። ቀኝ እጄ ማርሹን ሲጫወት ግራ እጄ የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ማጀቢያ ብቻ ነበር፤ መሃል ላይ የሠርግ ጭብጨባችን ምትም ገባበት። ልቤ ዘለለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። መጨረሻ ላይ እጄ ማርሹን መዝሙር በሚዘጋበት ድምፅ ዘጋው። ሕዝቡ ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ማሰማት ነበረበት። ግራ እጁን አነሣና ባንድ ድምፅ "አሜን!" አለ።

የቀበሌው ሊቀመንበርም "አሜን" ብሏል። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነበር፤ አፉን በእጁ ሲይዝ አይቼዋለሁ። ከዚያ በቁጣ ከሁሉ በላይ የጮኸውም ለዚህ ይመስለኛል።

"ማነው ይህን ያስተማራት?"

አባቴ ከሕዝቡ መሃል ተነሣ። "እኔ ነኝ፣ ጓድ። ተንኮል የለበትም፤ እጇ የለመደው ነው።"

ይዘውት ሄዱ። ሲፈታ ከስቶ ነበር፤ አንድም ቃል አልተቆጣኝም። ከዓመታት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ተከፍቶ ኦርጋኑም ሲመለስ ግን ኦርጋኑ ፊት ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ። እስኪሞት አልነካውም።

እኔ ይኸው እስከ ዛሬ አላረፍኩም። ከመዝሙር ወደ ሆቴል ባንድ፣ ከባንድ ወደ ጃዝ ዞርኩ፤ የምደርሰው ሙዚቃም አንድ ቦታ አይረጋም። ጋዜጠኞች ስልትሽ ምንድን ነው ይሉኛል። ዛሬ እኔ ስለተጫወትኩ የሚታሰር የለም፤ ተመስገን ነው። ሰው ቆሞ ያጨበጭብልኛል፣ ጎበዝ ይለኛል። ያን ቀን የተጫወትኩት ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን አባቴን ሳልጠይቀው ቀረሁ።