ቁረጪው ያሉኝ ክፍል

አገር ቤት የታሰርኩት በጻፍኩት ጽሑፍ ነው። እስር ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ቲያትር እንሠራ ነበር፤ በየተራ ዳኛና ጠባቂ እየሆንን እንስቃለን። ተፈትቼ ኔዘርላንድስ ከመጣሁ በኋላ ሮተርዳም ዳር ሆግቭሊት የሚባል ሰፈር ቤት አገኘሁ፣ ቢሮ ማጽዳት ጀመርኩ። ከሰው ጋር መቀመጥ ግን አቃተኝ። ወደ ሰው የመለሰኝ ያው ቲያትር ነው፤ የእስር ቤቱን ሕይወት ጽፌ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መጫወት ጀመርን።

አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሮተርዳም የታሰረች ልጅ እንድጠይቅ ላኩኝ። ጥገኝነት ተከልክላ፣ ወደ አገሯ ልትመለስ የተያዘች ናት። ወንጀል የለባትም። በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ ዞሬ እጀታውን አየሁ።

«ለእናቴ ደውይልኝ» አለችኝ። «ግን ታስራለች እንዳትያት። የሰረቅሁ ይመስላታል።»

እየተመላለስኩ ጠየቅኋት። እሷም ፈቅዳልኝ ታሪኳን የቲያትሩ ሁለተኛ ክፍል አደረግሁት።

ያኔ ነው ዴንሃግ ያለ አንድ የባህል ማዕከል የጋበዘን። በልምምዱ ላይ የእኔን እስር ስናሳይ የማዕከሉ አዘጋጅ አለቀሰች። የልጅቷ ክፍል ሲመጣ ፊቷ ተለወጠ። ስንጨርስ ለብቻዬ ወሰደችኝና በትህትና፣ የመጀመሪያው ክፍል በቂ ነው፣ ሁለተኛው ተመልካቹን ያደናግራል፣ ብትቆርጪው ይሻላል አለችኝ።

«ያኛው እኮ እስር ቤት አይደለም» አለች። «ሰዎች እስኪሄዱ የሚቆዩበት ቦታ ነው።»

«በሩን ከውስጥ መክፈት ይችላሉ?» አልኳት።

ስለ ሰዓት ማጠር ማውራት ጀመረች። ደሜ ፈላ። የሌላ አገር ጠባቂ ያደረሰብኝን ስናገር ታለቅስልኛለች፤ እዚሁ አጠገቧ ስላለው ቁልፍ ሳነሳ ተመልካች ይደናገራል! ልብሳችንን ሰብስበን ወጣን።

ቲያትሩን አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት በሚባለው ክፍል፣ በአንድ የሰፈር አዳራሽ ሙሉውን አሳየነው። ሲያልቅ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ አባት ወደ እኔ መጡ። ስለ ትወናው አንድ ቃል አልተናገሩም።

«ልጄ፣ የመጠየቂያው ቀን መቼ ነው?» አሉኝ።

አብረን ሄድን። ልጅቷ ግን ወደ አገሯ ተመልሳለች ተባልን። እሳቸው ጠያቂ የሌላት ሌላ ሴት አለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነበረች። አሁን እሷን የሚጠይቋት እሳቸው ናቸው።

ከባህል ማዕከሉ በቅርቡ እንደገና ተደውሎልኛል፤ አሁንም የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። አይሆንም አልኳቸው። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።