ከቃለ ጉባኤው የጎደለው ቃል

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ሲቀር፣ በታችኛው ከተማ፣ በሲቀላ ከነበሩት ቀበሌዎች በአንዱ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የደርግ ጊዜ ነው፤ ሥራ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። መታወቂያ እጽፋለሁ፣ ለስኳርና ለሳሙና ስም እመዘግባለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር። ሊቀ መንበሩ እንግዳ በመጣ ቁጥር መዝገቡን እየገለጠ «የኛን ጸሐፊ እጅ እዩልኝ» ይል ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በየበልጉ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ በኩል የሚወርደው ጎርፍ ሰፈራችንን ያስቸግራል። ላይ ሲዘንብ ታች እኛ ጋ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ድምፁን ስንሰማ ነው የተሰጣ እህል ለማንሣት የምንሯሯጠው። ነዋሪው ስንት ጊዜ አመልክቶ በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲቆፈር ፈቀደ። ቀያሽ መጣና ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ከላይ እስከ ታች ተከለ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ችግሩ በሊቀ መንበሩ ግቢ ማለፉ ነው። ግቢው ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ሲሆን አጥሩ ሥር ትልልቅ ማንጎዎች ነበሩበት። ቦዩ እንደተቀየሰው ቢቆፈር አጥሩ ይፈርሳል፣ ማንጎዎቹም ይቆረጣሉ።

በሳምንቱ ችካሎቹ ቦታ ቀይረው አገኘናቸው። መስመሩ የሊቀ መንበሩ አጥር ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ታጥፎ በሸማኔዎቹ ቤቶች ጀርባ ያልፋል። ማን እንዳነሣቸው ሁሉም ያውቃል፤ የጠየቀ ግን የለም። ከዚያ ነዋሪው እንዲያጸድቀው ስብሰባ ተጠራ።

ስብሰባ ምንጊዜም እሑድ ጠዋት ነው። ጴንጤዎቹ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ በየቤቱ እንዳይሰበሰቡ ሆን ተብሎ ነው ይባል ነበር። የቀረ ሰው የወሩ ስኳር አይሰጠውም፤ ስለዚህ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሊቀ መንበሩ ስለ ልማት ረጅም ንግግር አድርጎ አዲሱን መስመር አስረዳና አስተያየት ያለው ካለ ጠየቀ።

አንድ እጅ ተነሣ። ከተራራው መንደር ከኦቾሎ የመጡ፣ ከእኛ ቤት በሁለት አጥር የሚርቁ ሸማኔ ሽማግሌ ናቸው። ለብሼው የሄድኩትን ነጠላ የሠሩት እሳቸው ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው። አማርኛን ገበያ ውስጥ ስለለመዱት ሴትና ወንድ ይቀላቅሉ ነበር፤ እኔን ሁልጊዜ «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ አንድ ነገር ልበል» አሉ። «ውኃ ሰው አይደለም። ዞር በል ቢሉት አይሰማም። ከላይ በጉልበት ነው የሚመጣው። እጥፉ ጋ ሲደርስ ይዘላል፤ ዘሎ እኛ ቤት ይገባል። መጀመሪያ የተተከለው እንጨት ልክ ነበር።»

ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ። ሊቀ መንበሩ አልተቆጣም። «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይመዘገባል። ጓድ ጸሐፊ፣ መዝግቢ» አለኝ። ረቂቅ ደብተሬ ላይ አንድም ቃል ሳላስቀር ጻፍኩ። ሽማግሌው እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ፤ እጄ ሲያርፍ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። አብዮት ጠባቂዎች ግድግዳውን ተደግፈው ሲያዩን፣ እጁን ያላነሣ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሰኞ ረቂቁን ወደ መዝገቡ ስገለብጥ ሊቀ መንበሩ ከኋላዬ ቆሞ አነበበ።

«ይኼ የሽማግሌው ነገር ምን ያደርጋል?»

«መዝግቢ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«እሱ ለስብሰባው ነው። ማዘጋጃ ቤት ከኛ የሚፈልገው ስምምነት ነው። ልዩነት አለ ካልናቸው ቦዩን ያስቀሩታል፤ ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ይጎዳል። ተዪው።»

አሳመነኝ ብል ውሸት ነው። ፈራሁ ብልም ሙሉ እውነት አይሆንም፤ አላስፈራራኝም። ሥራዬን ማጣት አልፈለግኩም፣ ያ ብቻ ነው። «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብዬ በዚያ በተመሰገነው እጄ ጻፍኩ። የረቂቁንም ገጽ እኔው ራሴ ቀድጄ ጣልኩት።

ቦዩን በልማት ዘመቻ የቆፈረው ነዋሪው ነው። ሽማግሌውም ዶማቸውን ይዘው በየእሑዱ መጡ። ልክ አይደለም ያሉትን ቦይ፣ ከገዛ ቤታቸው ጀርባ፣ ከሰው እኩል ቆፈሩ።

በልጉ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎርፉ መጣ። እጥፉ ጋ ሲደርስ ዳሩን ሰብሮ ወጣ፤ ልክ እንዳሉት። ሦስት የሸማኔ ቤቶች ውኃ ገባባቸው። የሽማግሌው ቤት የኋላ ግድግዳ ሲደረመስ ሚስታቸው ሥሩ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ጎረቤት ሮጦ ከጭቃው አወጣቸው፤ ዳሌያቸው ግን ተሰብሯል። ከሆስፒታል ቢመለሱም ዳግመኛ በእግራቸው አልቆሙም። እናቴ ሾርባ ይዛ ልትጠይቃቸው ስትሄድ «አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት።

ከማዘጋጃ ቤት አንድ ኃላፊ ጉዳቱን ሊያይ ከሴቻ ወረደ። ሽማግሌው ቢሯችን ድረስ መጡ። ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ቦዩ ወደ መጀመሪያው ቦታ እንዲመለስ ብቻ ነው የጠየቁት።

«መስመሩን ነዋሪው ራሱ ነው የመረጠው» አለ ሊቀ መንበሩ።

«እኔ ተናግሬ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ጽሑፉ ውስጥ አለ። ያንብቡት።»

ኃላፊው መዝገቡ እንዲቀርብ አዘዘ። አውጥቼ ገጹን ገለጥኩ። ሊቀ መንበሩ «አንብቢ» አለኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ «በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» የሚለው ላይ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሽማግሌው የቀረ ነገር ያለ መስሏቸው ጠበቁ። ምንም እንደሌለ ሲገባቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ስትጽፍ አይቼሃለሁ» አሉኝ።

መዝገቡን ዘጋሁት። ኃላፊው ከመዝገቡ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሊቀ መንበሩ አየ። ነገሩ ሳይገባው የቀረ አይመስለኝም። ግን ኮፍያውን አነሣና «በሕዝብ የተወሰነ ነገር በሕዝብ ካልሆነ አይለወጥም» ብሎ ሄደ።

ለወራት ሽማግሌውን ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ዙር ሲጀመር ስማቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። ስድሳውን ያለፈ ሰው አይገደድም ነበር፤ በፈቃዳቸው ነው የመጡት። ከሸማ ሥራቸው ተነሥተው፣ ጥጥ ልብሳቸው ላይ እንደተጣበቀ፣ አዳራሹ ውስጥ ሕፃን ካዘሉ ሴቶች ጋር ፊደል ቆጠሩ። አስተማሪው፣ ጎበዝ ናቸው፣ የማያልፉት ነገር ቢኖር ያልገባቸውን ነው ይለኝ ነበር። ምስክር ወረቀታቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በቀጣዩ ስብሰባ መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ተነሡ። «ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ላንብበው» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ሊቀ መንበሩም ስቆ ፈቀደ። አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ፤ ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እየጎተቱ አነበቡ። ሙቀቱ ያፍናል፣ ሰዉ ለመሄድ ቸኩሏል፣ እሳቸው አልቸኮሉም። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ያቺ ሴትዮ ስለ ቦኖ ውኃው ተራ የተናገረችው የታለ?»

አልነበረም። እሱንም ትቼው ነበር፤ ማንም ሳያዘኝ፣ በልማድ ብቻ። እዚያው ጨመርኩት።

ሦስት ስብሰባ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ሌሎች ሰዎችም ተነሥተው ቦዩ ይስተካከል አሉ፤ ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገብ ላይ ሰፈረ። በነጋታው ሊቀ መንበሩ አስጠርቶኝ አንድ ደብዳቤ አስጻፈኝ። ግለሰቡ ስብሰባ በማደናቀፍና ሕዝቡን በማነሣሣት ስለተጠረጠረ ተይዞ ይጣራ ይላል። እሱ እያለ እኔ ጻፍኩ። ሲጨርስ «ስሙን በትክክል ጻፍሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ሽማግሌው የቀበሌው እስር ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆዩ። እስር ቤቱ ከቢሮዬ በግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው፤ ሲያስሉ እሰማለሁ። ምግብ የሚያመጣላቸው ሰው ስላልነበረ እናቴ ታመላልስ ነበር። በእኔ በኩል አትልክም፤ ራሷ መጥታ ለጠባቂው ሰጥታ፣ እኔን ሳታየኝ ትመለሳለች። ማታ ቤት ውስጥም ብዙ አናወራም ነበር።

ሊለቀቁ ሲሉ ዳግመኛ ስብሰባ እንዳያውኩ የሚያስገድድ ወረቀት ቀረበላቸው። ከሲታ ሆነዋል። ሊቀ መንበሩ «ይፈርሙና ይሂዱ» አላቸው። ወረቀቱን አንሥተው ማንበብ ጀመሩ፤ እንደ ልማዳቸው በዝግታ፣ ከላይ እስከ ታች። ሲጨርሱ ፈረሙ።

«ሚስቴ ብቻዋን ናት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይኼ እንኳ ሁሉም ተጽፏል፣ ምንም አልቀረም» አሉኝ። ስድብ አልነበረበትም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ወር ሰፈሩን ለቀቁ። ሚስታቸውን የኦቾሎ ሰዎች መጥተው በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷቸው ተባለ። እኔ ያን ቀን ቢሮ ነበርኩ።

በቀጣዩ በልግ ጎርፉ እጥፉን ጭራሽ አፍርሶት የኅብረት ሱቁ መጋዘን ውስጥ ገባና ስኳሩን አቀለጠው። ያኔ ቀያሹ በሦስት ቀን ተመልሶ መጣ፤ ቦዩ ቀጥ ብሎ ተቆፈረ፣ ማንጎዎቹም ተቆረጡ። ሊቀ መንበሩ ወደ ሌላ ሹመት ተዛወረ። ለእኔም ጥሩ የሥራ አፈጻጸም ተጻፈልኝና ሴቻ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ።

እዚያ እያለሁ አንድ የኦቾሎ ሰው ለጉዳይ መጣ። ሰፈሬን ሲሰማ ስለ ሽማግሌው ነገረኝ። ሚስታቸው ካረፉ ወር ሆኗቸዋል። እሳቸው ደህና ናቸው፤ ይሸምናሉ፣ ለሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ያነባሉ።

«ጎረቤት ከነበራችሁ ለቅሶ ትደርሺያለሽ» አለኝ። «ቅዳሜ አብረን መውጣት እንችላለን።»

«እመጣለሁ» አልኩት።

ቅዳሜ መኪና ተራው ጋ ሲጠብቀኝ ቆይቶ እንደሄደ በኋላ ሰማሁ። እናቴ ግን ሄዳ ደረሰች፤ ሁለት ቀን አድራ ተመለሰች። ስለ እኔ ጠይቀዋት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።