እምቢ ያላለው ሞተር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ካቶሊክ ነኝ፤ ለካህን መናዘዝ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። ስድቤን፣ ስካሬን፣ ቅናቴን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይያዛል። "ሌላስ?" ይሉኛል አባ። "ሌላ የለም" እላለሁ። ውሸታም! እስቲ ዛሬ ለአንተ ልንገርህ። ይቀለኛል ብዬም አይደለም።

በደርግ ጊዜ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቀይ ሞተር ሳይክል ተሰጥቶኛል። በዚያ ዘመን ሞተር የያዘ ሰው በመንደር ሲያልፍ ሚኒስትር ያለፈ ነው የሚመስለው፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ነው የማልፈው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ብቻ ስለሚሆን ደርሶ መመለስ የለም። ድንኳኔን ከኋላ አስሬ እወጣና ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት እየሰፈርኩ እሠራለሁ። ከፎንቆ እስከ ጃጁራ ድንኳን ያልተከልኩበት ሜዳ የለም። ጉሙን ግን አልለመድኩትም። የአንጋጫ ጉም አጠገብህ ያለውን ሰው ይውጠውና ድምፁን ብቻ ይተውልሃል።

የዚያን ቀን ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ዳር ሰፍሬያለሁ። ስበሰብስ ውዬ አሥር ሰዓት ግድም ድንኳኔ ገባሁና የቀረችኝን አንድ ደረቅ ካልሲ አደረግኩ። ይህችን ካልሲ ያዝልኝ፤ ጣጣው ሁሉ በእሷ ነው የመጣው። ገና ጋደም እንዳልኩ ከጉሙ ውስጥ የብዙ ሰው እግር ጭቃ ሲረግጥ ሰማሁ። ንግግር የለም፤ እግር ብቻ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ከፊቴ ቆመዋል። ቃሬዛው ላይ በነጭ የተሸፈነ ነገር አለ። አስከሬን መሰለኝ። ከዚያ አስከሬኑ ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

ማርታ ትባላለች። ሆዷን ቆርጧት ሁለት ቀን ሆኗታል። አባቷ አባባ ላምቦሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ጌታዬ፣ ሆስፒታል አድርስልን። በትከሻ ብንሄድ ሌሊት ነው የምንደርሰው" አሉኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው እኔን "ጌታዬ"!

በሞተር ቢበዛ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እምቢ ማለትም እችል ነበር። እምቢ ብል ኖሮ ረግመውኝ ቃሬዛቸውን አንስተው ይሄዱ ነበር። እኔ ግን ይሉኝታ የሚሉት በሽታ አለብኝ፤ የሰው ፊት እያየሁ እምቢ አልልም፣ እሺ ያልኩትንም አላደርግም። ታዲያ ምን አደረግኩ? የምጠግን መስዬ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አልኩና እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ እያዩኝ ደጋግሜ ረገጥኩት። ካንዴላ የሌለው ሞተር እንዴት ብሎ ይነሳል? "ውሃ ገብቶበት ነው። ሲደርቅ ይነሳል። ነገ በጠዋት እኔው ራሴ አደርሳታለሁ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚሁ አፌ።

በማርያም፣ ተስፋ ቆርጠው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ ብዬ ነበር። እነሱ ግን አመኑኝ። ሃዲያ ስለሆንኩ የማልሰማ መስሏቸው በከምባትኛ ተመካከሩ፤ እሰማለሁ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ "ከፊታችን ያለው ወንዝ ሳይሞላ እንሻገር" ይላል። አባባ ላምቦሬ "የመንግሥት ሰው አደርሳለሁ እያለን ልጄን በጭቃ ላንገላታት? ይህን ሰው እኮ እግዚአብሔር ነው እዚህ ያስቀመጠልን" ይላሉ። ተሸካሚዎቹን መርቀው አሰናበቷቸው። ማርታን ከመንገዱ ማዶ ዘመድ ቤት አስገቧት። ያኔም ጊዜ ነበረኝ። "ቆዩ፣ አሁን ይነሳል" ብል በቃ። አላልኩም። ለምን? ዝናብ ስለነበረ። እግሬ ስለሞቀ። ሌላ ምክንያት እንዳትፈልግልኝ፣ የለም። ወንዙ ሲመሽ ሞላ።

እኔ ተኛሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል ከድንኳኑ ውጭ እፍ… እፍ… የሚል ትንፋሽ ቀሰቀሰኝ። ብቅ ስል አባባ ላምቦሬ ሞተሬ አጠገብ ተንበርክከዋል። ቡልኳቸውን አውልቀው ሞተሩን አልብሰውታል፤ እሳቸው በሸሚዝ ብቻ ናቸው፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ሌሊቱን ሙሉ በቡልኮው ጫፍ እየጠረጉ እፍ ሲሉበት አድረዋል። "ደርቋል መሰለኝ፣ ጌታዬ" አሉኝ።

እንደገና የምጠግን መስዬ ካንዴላውን መለስኩ። አንዴ ብረግጠው ተነሳ። "ተነሳ! ተነሳ!" ብለው እንደ ልጅ ዘለሉ። ወዲያው ከጉሙ ማዶ፣ ማርታ ካደረችበት ቤት፣ ለሞተሩ መልስ የሚሰጥ ይመስል፣ የሴቶች ዋይታ ተነሳ። ሞተሩን አጠፋሁት። ዋይታው ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ክረምት የትም ብሰፍር፣ ፎንቆም ይሁን ጃጁራ፣ ሊነጋ ሲል ያ ትንፋሽ ይመጣል። ብወጣ ማንም የለም። ዶፍ ሲወርድ አድሮ ድንኳኔ ይንጠባጠባል፣ ጫማዬ ውሃ ቋጥሯል፤ ሞተሩ ግን ደረቅ ነው። መቀመጫውን በመዳፌ እዳብሰዋለሁ፤ ደረቅ፣ ደግሞ ለብ ያለ። አብዷል በለኝ፤ ያየሁትን ነው የምነግርህ። ክረምቱ ሲወጣ ሞተሩን አስረክቤ የቢሮ ሥራ ለመንኩ።

አባባ ላምቦሬ ግን አልተዉኝም። በየመስቀሉ "ልጄን ሊያደርስልኝ የነበረው ሰው ይጠራልኝ" እያሉ ይልኩብኛል። እሄዳለሁ። ከሥጋው ምርጥ ምርጡን በቆጮ ጠቅልለው ያጎርሱኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩልኛል። እኔም እጎርሳለሁ፣ አሜን እላለሁ። አንድ ዓመት እንዳይመስልህ፤ ዓመት በዓመት። ከውሸቱና ከጉርሻው የቱ ይብሳል? እኔ መለየት አቅቶኛል።

አንድ መስቀል ላይ ጉርሻውን ሳልቀበል ተነሳሁ። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ወሰድኳቸውና "አባባ፣ የዚያን ቀን ሞተሩ…" ብዬ ጀመርኩ። አፌን በመዳፋቸው ከደኑት።

"ተው ልጄ፣ አታንሳው። ብረት ነው፤ ብረት ላይ ቂም አይያዝም። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ" አሉ።

ጉልበታቸውን ስሜ ወደ ገበታው ተመለስኩና በላሁ። መስቀል ዞሮ ሳይመጣ ሞቱ።

እንግዲህ ይቅር የተባለው ሞተሩ ነው። እኔን ማንም ይቅር አላለኝም፤ አንተም እንዳትለኝ።