ታማሚ የሌለበት ጥየቃ

ከደሴ የወጣንበት ምሽት ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የሰፈሩ ሰው፣ የእድሩ ሰው፣ የእማዬ ማኅበርተኞች ሁሉ ሊሰናበቷት መጥተው መቀመጫ ጠፍቷል። እኔ ሻንጣው ላይ ወጥቼ ዚፑን ለመዝጋት ስታገል፣ የእማዬ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ጠሩኝና የእማዬን እጅ ይዘው እጄ ላይ አኖሩት። «ብርዱንም ምግቡንም ትለምደዋለች» አሉኝ። «ብቻዋን መዋሉን ግን አትችለውም፣ ታውቂያታለሽ። አደራ!» የኔ አፍ መች ያርፋል። ያ ሁሉ ሰው እየሰማኝ «እትዬ ደሞ! ቤቱ የኔ፣ እናቴ የኔ፣ ማን ብቻዋን ይተዋታል?» አልኩ። እልልታውን ብትሰሙት! አሁን ይህን የምጽፍላችሁ፣ ያን ለት እልል ያላችሁት ሰዎች ፊት ለፊት ብታዩኝ የምገባበት ስለሚጠፋኝ ነው።

ዳላስ ስንደርስ ጉምሩክ ላይ የቆመው ሰውዬ «ምግብ ይዛችኋል?» አለ። እኔ «ኖ» ስል እማዬ ከጎኔ «ፉድ? የስ! የስ!» ብላ ቦርሳዋን ከፍታ ሽሮውን፣ በሶውን፣ ድርቆሹን ዘረገፈችለት። «በሶውን በማር በጥብጦ ይጠጣው በይው፣ ፊቱ ገርጥቷል» አለችኝ። ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየና «እናትሽ ካንቺ ይልቅ እውነት ይናገራሉ» አለኝ። ያኔ ከልቤ ስቄ ነበር።

የምንኖረው ዳላስ ጥግ፣ ሜስኪት የምትባል ከተማ ነው። ባሌ ትራክ ስለሚነዳ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው፤ ልጃችን ኦስቲን ኮሌጅ ገብታለች። እኔ ደግሞ ፍሪስኮ አንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ነኝ፤ ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ትራፊኩ ሲለቀኝ እመለሳለሁ። ሶ፣ እማዬ ብቻዋን ትውላለች ማለት ነው። የኛን መንገድ ደግሞ ምን ልበላችሁ! የጋራዡ በር ይከፈታል፣ መኪናው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፤ ሰው የሚባል ፍጡር አታዩም። መጀመሪያ ሰሞን እማዬ ከረፋድ እስከ ማታ መስኮቱ ሥር ቆማ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ ራሷን ዝቅ እያደረገች ሰላምታ ትሰጥ ነበር። ኋላ ተወችው።

አንድ ቀን በነሐሴ፣ (እናንተ ጋ ነሐሴ ዝናብ ነው፤ እዚህ አስፋልቱ ጫማ ያቀልጣል) ከፊት ለፊታችን ካለው ቤት አምቡላንስ ይቆማል። እማዬ ነጠላዋን ጣል አድርጋ «ማን ታመመ? ማን ታመመ?» እያለች ትወጣለች። የኛ በር ከኋላዋ በራሱ ይቆለፋል። አምቡላንሱ በሽተኛውን ይዞ ሄደ፣ ቤተሰቡም በመኪና ተከተለው፣ እማዬ መንገድ ላይ ቀረች። የፖስታዋ ሴትዮ ናት የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አግኝታት ውሃ ያጠጣቻትና፣ ነጠላዋ ጫፍ ከቋጠረችው ወረቀት ቁጥሬን አይታ ኮል ያደረገችልኝ። ስደርስ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ሰውዬው ይተርፍ ይሆን?» ነው ያለችኝ፣ ስለ ራሷ አንድ ቃል ሳትናገር። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ላይ ልቤ አልቀመጥ አለ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ስለ ኢንዲፔንደንት ሊቪንግ ነገረችኝ። ማለቴ፣ የበሽተኛ ቤት አይደለም፤ አዛውንቶች የየራሳቸው አፓርትመንት፣ የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው፣ ምሳ አዳራሽ ወርደው አብረው ይበላሉ፣ ገበያ የሚወስዳቸው ቫን አለ። በእንግሊዝኛ ሲነገር ደስ ይላል። በአማርኛ ግን «እናቷን መጦሪያ ልታስገባ ነው» ከማለት ሌላ ምን ስም አለው? ለባሌ እንኳ በስልክ ስነግረው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ቤተ ክርስቲያን ላለ ሰው ትንፍሽ አላልኩም።

ለእማዬማ መናገር አቃተኝ። «ነይ፣ የምትኖሪበትን ቤት እንይ» በማለት ፈንታ ምን አልኳት መሰላችሁ? «የሥራ ጓደኛዬ እናት ታመዋል፤ ማክሰኞ እንጠይቃቸው።» ታማሚ አለ ከተባለች እንደማትቀር አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ያልኩት። ያልጠረጠርኩት ሌላውን ነው። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ቤቱ በዳቦ ሽታ ታውዷል። የኮባ ቅጠል ከቬትናሞቹ ሱቅ ፍሪዘር አምጥቼላት ነበር፤ በሱ ጠቅልላ የኦቨኑን መደርደሪያ የሚያክል ድፎ ዳቦ ጋግራለች። «ባዶ እጄን ታማሚ ቤት ልገባ ነው እንዴ?» አለችኝ። ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር።

ቦታው ሪቻርድሰን ነው። ፓርክ ሳደርግ እማዬ የፏፏቴውን ውሃ አይታ «ሆስፒታሉ ያምራል» አለች። ክሪስታል የምትባል የማርኬቲንግ ልጅ ጥርሷን በሙሉ እያሳየች ወጣች።

«ሚስስ አስካለ! አዲሱን ቤትሽን ልታዪ ስለመጣሽ ደስ ብሎናል!»

«ምን አለች?» እማዬ ጠየቀችኝ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ።»

«እግዜር ይማርላችሁ በያት።»

«ግቢው ያምራል ትላለች» አልኩ ለክሪስታል።

እንዲህ እያልኩ አሳንሰር ወጣን፣ ወረድን። እኔ በጎን በጎን ሥራዬን እሠራለሁ፤ መታጠቢያው ውስጥ የእጅ መያዣው ይነቃነቅ እንደሆነ እስባለሁ፣ ኮሪደሩ ይሸት እንደሆነ አሸታለሁ፣ ምሳ አዳራሹ ውስጥ ሰዎቹ ያወሩ እንደሆነ አያለሁ። ሁሉም ጥሩ ነው። እማዬ ዳቦዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ያገኘችውን ሽማግሌ ሁሉ «እግዜር ይማርዎ» እያለች ጎንበስ ትላለች። አንድ የካውቦይ ባርኔጣ ያደረጉ ሰውዬ ባርኔጣቸውን አንስተው ጎንበስ አሉላት። ክሪስታል «ኦ ማይ ጋድ፣ ሁሉም ይወዷታል!» ትላለች። እኔን ላብ አጥምቆኛል።

በመጨረሻ አንድ በር ከፈተችልን። ለማሳያ የተሰናዳ አፓርትመንት ነው፤ የፕላስቲክ ፍራፍሬ ጠረጴዛው ላይ፣ አልጋው በትራስ ተሞልቶ። እማዬ ወደ አልጋው ተጠጋች። ትራሶቹን አየች። መታጠቢያ ቤቱን በጨረፍታ አየች። ከዚያ ዞረችብኝ።

«ታማሚዋስ?»

የፕላስቲክ ፍራፍሬውን ማስተካከል ጀመርኩ። ክሪስታል «ምን ጠየቀች?» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ዳቦው ጭኗ ላይ ነው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ሁለቱንም ብታደርግ ይሻለኝ ነበር። «ንገሪኝ እስቲ» አለች፤ «እዚህ ቤት ሰው ሲታመም ማን ያውቃል? ጠይቂያት። እንዳለ ነው የምትነግሪኝ።»

ከገባን ጀምሮ የመጀመሪያውን እውነተኛ ትርጉም ተረጎምኩ። ክሪስታል ደስ አላት፤ ይሄን ጥያቄ የምትወደው ይመስላል። «መታጠቢያ ቤቱና አልጋው አጠገብ የሚሳብ ገመድ አለ፤ ከተሳበ ሰው ይመጣል።»

«ካልሳብኩትስ?»

«ጠዋት ጠዋት ‹ደህና ነኝ› የምትዪበት ቁልፍ በሩ ላይ አለ። እሱን ካልተጫንሽ ልጅሽ ጋ እንደውላለን።»

እማዬ አየችኝ። «አንቺ ጋ? ሥራ ላይ ስልክ መች ታነሻለሽ?»

«ጎረቤት ግን ያንኳኳል፣ አይደል?» አልኳት ክሪስታልን፤ የጠየቅኩት ለራሴ ነው።

«ኦ፣ እዚህ የሰው ፕራይቬሲ በጣም እናከብራለን፤ ማንም ማንንም አይረብሽም!» አለች፤ በኩራት።

እማዬ ተነሣች። «ለታማሚ ብዬ የጋገርኩትን ዳቦ ቤቴ አልመልስም። የታመመ ሰው ይፈልጉልኝ።»

ይሄንን ለማርኬቲንግ ሰው እንዴት ይተረጎማል? ሞከርኩ። ክሪስታል «የነዋሪዎቻችንን የጤና ሁኔታ መናገር አልችልም» አለች። ቀጥላም «ከውጭ የመጣ ምግብ ደግሞ ማደል አይቻልም፣ አለርጂ ያለበት ይኖራል» አለች። እማዬ አልጠበቀችንም። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። መልስ የለም። ሁለተኛውን አንኳኳች። ክሪስታል «ሚስስ አስካለ፣ ፕሊስ!» እያለች በባለ ተረከዝ ጫማዋ ትከተላለች፤ እኔ ከሁለቱም ኋላ። ሦስተኛው በር ከብዙ ቆይታ በኋላ ተከፈተ። አንዲት ቀጭን ነጭ ሴትዮ ናቸው፤ ዶሮቲ ይባላሉ። ጉልበታቸው ታስሯል፣ መራመጃ ይዘዋል።

እማዬ ጉልበታቸውን አየችና «አይዞሽ!» አለች። ክንዳቸውን ደግፋ ወንበራቸው ላይ መለሰቻቸው፣ ዳቦውን በእጇ ቆረሰችላቸው፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘች። ሚስ ዶሮቲ ክሪስታልን አይተው «ስንዴ ነው፣ ግሉተን አለው እንዳትዪኝ» አሉና ጎረሱ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ አንዷ ሌላዋን ሳትሰማ፣ ስለ ጉልበት ብዙ ተጫወቱ። እኔን ማንም አስተርጉሚ አላለኝም።

ልንወጣ ስንል ሚስ ዶሮቲ ክንዴን ያዙኝ። «ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሃኒ። ሰዉም ደግ ነው፤ ምሳ ላይ ሁሉም ያወራል። ግን ኦፕሬሽን ካደረግኩ ወዲህ ይሄን በር ያንኳኩት ምግብ የሚያደርሰው ልጅና እናትሽ ናቸው። ማክሰኞ የጎብኚ ቱር ስላለ ኬክ ይወጣል። ማየት ከፈለግሽ እሁድ ከሰዓት ሳትናገሪ ነይ።» ክሪስታል እስከ ዓርብ እንዳሳውቃት ነግራኝ ካርዷን ሰጠችኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን አስነሣሁ፤ መንዳት ግን አልቻልኩም። «ይቅርታ እማዬ» አልኩ።

«ቤቱ ንጹሕ ነው» አለች ፊት ፊቷን እያየች። «ብትነግሪኝ እኮ እኔው ራሴ ‹ነይ እንየው› እልሽ ነበር። እንደምትደክሚ አላይም? በታመመ ሰው ስም ነው ያመጣሽኝ። እሱ ከፋኝ።»

ስልኬ ጮኸ። ከመኪናው ጋር ስለሚያያዝ የእትዬ ዘነበች ድምፅ ከደሴ መጥቶ መኪናውን ሞላው።

«ዛሬ የት ዋላችሁ?»

እማዬ ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መሪውን አየሁ።

«የታመመ ሰው ልንጠይቅ ሄደን ነው፣ እትዬ» አለች እማዬ።

«ማን ታሞ?»

«ዶሮቲ የምትባል። ጉልበቷን ነው፤ ጠያቂ የላትም።»

«ወይ እሷን! እዚያም ጥየቃ አለ እንዴ! ልጅቷ ሥራዋን ትታ ወሰደችሽ?»

«ትታ ነው የወሰደችኝ።»

«እሰይ! እኔ ደግሞ ብቻዋን ትሆንብኛለች ብዬ በከንቱ ስብሰለሰል። ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ? አደራዬን አልበላሽም። እናትሽን እንዳደረግሻት ያንቺም ልጅ እንዲሁ ታድርግሽ!»

እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«አክስትሽ መርቃሻለች እኮ፤ አሜን በያት እንጂ።»

«አሜን» አልኩ።