ያጠብኋት የጠመንጃ ብረት

ልጄ ምጥ ላይ ሳለች ለማርያም የተሳልሁት የአባቴን ጠመንጃ ነበር። ከጠመንጃው እኔ ዘንድ የቀረችው ግን መዳፍ የምታህል ብረት ናት፤ ምላጩ ሲሳብ ባልጩት ነክሳ እሳት የምትጭረው። ሰደፉን ምስጥ በልቶታል። አፈሙዙን ቡሬ ያለው ወንድሜ የበር መወርወሪያ አድርጎታል። አባታችን በሕይወት ሳለ፣ ከአያቱ የወረደ፣ ባሩድ በአፉ የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ ነው ይል ነበር።

ልጄ ፍኖተ ሰላም ላይ በሰላም ተገላገለች። ተመስገን።

ስለት በዝገት አይገባምና ብረቷን በአመድና በሎሚ ቀኑን ሙሉ አሸኋት። እንደ ብር አበራች። ወንድሜ ሊጠይቀን መጥቶ አያትና ሳቀ።

«እታለም፣ ይቺ የጥንት አይደለችም። በስልክ አይቻለሁ፤ ለቲያትርና ለጌጥ አስመስለው በፋብሪካ ያወጧቸዋል። አባባ ከገበያ ገዝቷት ይሆናል።»

በማርያም ዕለት ስለት ተቀባዩ የገባውን ሁሉ ለሕዝብ ጮክ ብሎ ይናገራል። የጥንት ተብሎ ተነግሮ የፋብሪካ ብትሆን፣ የዋሸሁት ማርያም ፊት ነው። ስለዚህ ብረቷን ይዤ ቡሬ፣ ማረሻ ከሚሠሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄድሁ። ወንድሜም ተከተለኝ።

ሽማግሌው ወደ ብርሃን አዙረው አዩዋት።

«ማን አጠባት?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«የሠሪው ምልክት እዚህ ነበር። አሁን ጥላው ብቻ ነው ያለው።»

«ለማርያም ስለሆነች ነው።»

«ማርያም ዝገት አይታ አታውቅም?»

ከዚያ አራቱን ብሎኖች ፈቱ። ውስጧን አላሸሁትም ነበር፤ እጄ አልገባ ብሎ። በአንዱ ብሎን ላይ አንድ የሞረድ ጭረት አለ፤ በሌላው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ አራት። በየቀዳዳቸው አጠገብም እንዲሁ። ባለ ሁለቱን በባለ ሦስቱ ቀዳዳ ሞከሩት። እምቢ አለ።

«የፋብሪካ ብሎን ሁሉም በሁሉም ይገባል። ይህን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ነው ያወጣው። የጥንት ናት።»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሞላዋ ግን» አሉ ሽማግሌው፣ «ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ነው። ኋላ የኛ ሰው ጠግኗታል።»

«የየት አገር ሥራ ናት?» አልኋቸው።

«እሱማ ያሹት ፊቷ ላይ ነበር።»

በመንገድ ወንድሜ «ሞላውን ምን አመጣው? የጥንት ናት በዪና በቃ» አለኝ።

«የተሳልሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

ለስለት ተቀባዩ ሁሉንም ነገርሁት። ዣንጥላው ሥር ቆሞ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ጮኸ።

«አሮጌ የጠመንጃ ብረት! በእጅ የተሠራች! ሞላዋ የመኪና! አገሯ ታጥቧል!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ አጠገቤ ነበረች። ወንድሜ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በሳምንቱ አፈሙዙን ከበሩ ነቅሎ ላከልኝ። ስጠኝ አላልሁትም። ለማርያም ወሰድሁት፤ አላጠብሁትም።