በቁሟ የወሰደችው እድር

ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት፣ ከወሎ የመጡ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። እሱ ለሳኝ ነው። ከተማዋ ከፍርስራሿ ገና እየተነሳች ስለነበር ለሳኝ ሥራ አያጣም፤ ጥይት የበሳው ግድግዳ ሁሉ እሱን ይጠብቅ ነበር። እሷ ልብስ ትሰፋለች። እኔ እዚሁ ሐርጌሳ ተወልጄ ድሬዳዋ ያደግሁ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ተመልሼ ጋዜጣ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። በግቢው አማርኛ የምናወራው ሦስታችን ብቻ ነበርን። ስለዚህ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሻይ ይጠሩኛል።

«ጋዜጠኛው፣ ዛሬስ የማንን ጉድ ይዘህ መጣህ?» ትለኛለች ገና ሳልቀመጥ።

«የአንድ ባለሥልጣን።»

«እሱን ተወው። ሚስቱ ቀሚስ አሰፍታ እስከ ዛሬ አልከፈለችኝም፤ ልጻፍ ካልክ እሱን ጻፍልኝ።»

ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው በዚያ ወቅት ነው። ለወራት ለማንም አልተናገረችም። ለምን እንደ ደበቀች በኋላ ስጠይቃት «ሐኪም ቤት መሄድ ቀላል ነው፤ ችግሩ ከሄዱ በኋላ ነው» አለችኝ። የመረመራት ሐኪም ነገሩን አላድበሰበሰም። ካንሰር ነው፤ እዚህ ልናደርግልሽ የምንችለው የለም፤ ቶሎ አዲስ አበባ ሂጂ አላት።

በሽታንና ድህነትን በሚመለከት ብዙ ዜና ሠርቻለሁ። ነገሩ በአንድ ቤት ውስጥ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ ግን በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። ለምርመራው የስፌት መኪናዋ ተሸጠች። ለማስታገሻው ደግሞ የእሱ የልስን መሣሪያዎች፣ ውሃ ልኩ፣ ቱንቢውና የመወጣጫ ጣውላዎቹ ሄዱ። ሰው የሚሸጠው ገዢ የሚያገኝለትን ዕቃ ነው፤ ከድሃ ቤት ገዢ የሚገኝለት ደግሞ ቤተሰቡን የሚያበላው ዕቃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ፍራሽ፣ ድስትና በሽታው ነበር።

ያሠሩት የነበሩ ሰዎች ወደውት ነበርና «ዘመዶችህ ያዋጡልህ እንጂ» ይሉታል። በዚህ ከተማ ሰው ሲታመም የጎሳው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወጪውን በየቤቱ ያከፋፍላሉ፤ ብዙ ሰው የዳነው በዚያ ነው። እሱ የሚያከፋፍልለት ጎሳ የለውም። እኔ ስላለኝ ወደ ሽማግሌዎቼ ሄድኩ።

«የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

«ጎረቤቴ ናት።»

«እሱማ ገባን። የማን ልጅ ናት?»

ከጎሳችን እንዳልሆነች ነገርኳቸው። አልጨከኑም፤ እያንዳንዳቸው ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። የሰጡኝ ግን ሶደቃ ነው። ሶደቃ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ መዋጮ ነው በሽተኛው እስኪድን የሚቀጥለው።

የቀራት እድሩ ብቻ ነበር። ከኢትዮጵያ የመጡ ሙስሊሞች ያቋቋሙት እድር ነበረን፤ እኔም አባል ነኝ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያበላል፣ ለቤተሰቡም መቋቋሚያ ይሰጣል። ለበሽታ አይከፍልም። ደንቡ እንዲህ የሆነው ጭካኔ ኖሮ አይደለም፤ ሞት አንድ ጊዜ ስለሚመጣ ወጪው ይታወቃል፣ የበሽታን ወጪ ግን ማንም አያውቀውም።

ከጁምዓ በኋላ ስንሰበሰብ ራሷ መጣች። ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ለእድሩ ዳኛ፣ በዕድሜ ለገፉት ሐጂ፣ ተናገረች።

«የቀብሬን ገንዘብ አሁን እንድትሰጡኝ ነው የመጣሁት።»

ከኋላ አንዱ ሳቀና «እኔም ጥርሴን ያመኛል፤ የእኔንም ጨምሩበት!» አለ። ሁለት ሦስት ሰው አብሮት ሳቀ። እሷ ዞራ አየችውና ወደ ሐጂ ተመለሰች።

«ልጄ፣ ይህ የሐዘን ገንዘብ ነው» አሉ ሐጂ።

«ሐዘን ላይ ነኝ፣ ሐጂ።»

«አላህ ያሽርሽ። ግን ዛሬ ሰጥተንሽ ነገ የአላህ ውሳኔ ቢመጣ፣ ምን ይዘን እንቆማለን?»

«ብሞት የመስጊዱ ጎረቤት አይቀብረኝም?»

«ይቀብርሻል እንጂ! ግዴታው ነው።»

«የከፈን ጨርቅ ይጠፋል?»

«አይጠፋም።»

«ጉድጓድ የሚቆፍርስ?»

ሐጂ መለሱላት፤ «ለሙስሊም የሚቆፍር አይጠፋም።»

«ታዲያ ሬሳዬን የሚያነሳው ሞልቷል። ያጣሁት ከነነፍሴ የሚያነሳኝ ነው። ድንኳኑም ምግቡም ይቅርብኝ።»

ባሏ በሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ክርክሩ እስከ ዐስር ሶላት ዘለቀ። ለመስጠት ያልፈለጉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ዛሬ ለእሷ ከተሰጠ ነገ ለሁሉም ይሰጣል፣ ከዚያ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል ነው የሚሉት። ስሌታቸው ትክክል ነበር። በመጨረሻ ገንዘቡ እንዲሰጣት፣ ስሟ ከእድሩ እንዲሰረዝ፣ ከእሷ በኋላም ማንም እንዲህ እንዳይጠይቅ ተወሰነ። ብዙ ሳይቆይ ልጁ የታመመበት አንድ የጭነት ሠራተኛ ሲመጣ፣ ያ ውሳኔ ተነብቦለት ተመለሰ።

በድንበሯ ከተማ በውጫሌ ተሻግረው፣ በጅግጅጋና በሐረር አድርገው አዲስ አበባ ገቡ። የሆነውን የነገረኝ ባሏ ነው። የመንግሥት ሆስፒታሉ ሐኪሞች ጥሩ ሰዎች ነበሩ። አልጋ ግን የለም፤ ተራ እስኪደርስ አልቤርጎ ተከራዩ፣ ገንዘቡም መሸርሸር የጀመረው እዚያ ነው። ተራው ሲደርስ መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ስለሌለ ከውጭ ግዙ ተባሉ። ገዙ። የመጀመሪያውን ኬሞ ወሰደች። ሐኪሟ ቀጣዩን በየሦስት ሳምንቱ መውሰድ እንዳለባት፣ ካቋረጠች የመጀመሪያውም ብዙ እንደማይጠቅም አስረድታ ቀጠሮ ሰጠቻት። በእጃቸው የቀረው የመመለሻ የአውቶቡስ ሒሳብ ብቻ ነበር።

ፀጉሯ ረግፎ ተመለሰች። «ሻሽ ለምን እንደ ተፈጠረ አሁን ገባኝ» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። ባሏ የራሱ መሣሪያ ስለሌለው ለልስን የሚቀጥረው አጣ፤ አያሃ ወደሚባለው ሰፈር እየሄደ ለሌላ ለሳኝ አሸዋ መሸከም ጀመረ። የሚያገኘው ከበፊቱ ገቢው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። እኔ የምችለውን አዋጣሁ፣ ባልደረቦቼንም ጠየቅሁ። የተሰበሰበው የቤት ኪራዩን ሸፈነ። እኔም ባልደረቦቼም ከዚያ በላይ አልነበረንም።

የቀጠሮው ቀን ማክሰኞ ዋለ። እሱ እንደ ሌላው ቀን ከሱብሒ በኋላ ለሥራ ወጣ። እኔ ወደ ቢሮ ስሄድ እሷ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ በአንድ እጇ ልብስ ታጥባለች፤ ሌላው እጇ አብጦ አይታዘዝም ነበር።

«ዛሬ ቀጠሮዬ ነው» አለችኝ። «ሐኪሟ ትጠብቀኝ ይሆን?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠየቅ የማውቀውን እናገራለሁ፤ ልማዴ ነው።

«አትጠብቅም። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፤ ሌላ ይጠራሉ።»

አረፋውን ከእጇ ላይ አራገፈች።

«ጥሩ» አለች፤ «ቢያንስ ሌላ ሰው ይግባበት።»

ማታ ስመለስ እሱ ገብቶ ነበር። ሻይ ጠሩኝ። አሸዋው ስለ ረጠበ ከባድ እንደ ነበር፣ ነገም ሥራ እንዳለ ነገረን። እሷ «አልሐምዱሊላህ» አለች። በአንድ እጇ መዘርጋት ስላልቻለች ግማሹ ልብስ ገመዱ ላይ እንደ ተጨመቀ ተንጠልጥሏል፤ እሱ ተነስቶ አንድ በአንድ ዘርግቶ አሰጣው።